ክብደት አከፋፋይ መጎተቻን በዝግ የዕቃ ተሳቢ ላይ የመግጠም መመሪያ

ተሳቢ ከመኪና ጋር ሲታሰር የፊት ክብደቱ የሚያርፈው ከኋላ ጎማ አልፎ በተንጠለጠለው የመጎተቻ ኳስ፣ ማለትም ተሳቢው በሚታሰርበት ክብ ብረት ላይ ነው። በዚህ ምክንያት የመኪናው ኋላ ይወርዳል፣ ፊቱ ይነሣል። የፊት ጎማ ሲቀልል መሪው ይላላል፤ ፍሬን ሲያዝ የፊት ጎማዎች አስፋልቱን በደንብ አይዙም፤ ማታ ደግሞ የፊት መብራቱ ከተቃራኒ አቅጣጫ የሚመጣውን አሽከርካሪ ዓይን ይወጋል። ክብደት አከፋፋይ መጎተቻ ይህን የሚያስተካክለው በሁለት የሞላ ብረቶች ነው። ብረቶቹ ከኳሱ ሥር ካለው ራስ (ኳሱን ከሚሸከመው የመጎተቻው ክፍል) ተነሥተው በተሳቢው አንገት ግራና ቀኝ ወደ ኋላ ይዘረጋሉ። ጫፋቸው በሰንሰለት ወደ ላይ ተስቦ አንገቱ ላይ ሲሰቀል እንደ ማንሻ ይሠራሉ፤ የኋላ ጎማ ላይ የተከመረው ሸክም ከፊሉ ወደ መኪናው የፊት ጎማ፣ ከፊሉ ወደ ተሳቢው አክስል ይሄዳል። አንገት የምንለው ከሳጥኑ ፊት እስከ ኳሱ የሚወጣውን ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ነው።

ሁለት ነገሮችን ግን አያደርግም። የተሳቢውን ጠቅላላ ክብደት አይቀንስም፣ መኪናው እንዲጎትት ከተፈቀደለት መጠንም በላይ እንዲጎትት አያስችልም።

ዝግ የዕቃ ተሳቢን ከካራቫን የሚለየው ጭነቱ ነው። በካራቫን ውስጥ ምድጃውም አልጋውም ቦታቸው የታወቀ ስለሆነ አንዴ የተስተካከለ መጎተቻ ለረጅም ጊዜ ያገለግላል። የዕቃ ተሳቢ ግን ዛሬ ሞተር ብስክሌት፣ ነገ የቤት ዕቃ ይጭናል፣ ከነገ ወዲያ ባዶውን ይመለሳል። ስለዚህ ባዶ ተሳቢ ላይ የተስተካከለ መጎተቻ ለጭነት ጉዞ አይሆንም። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ የሚሠራው ተሳቢው እንደሚጓዝበት ተጭኖ፣ መኪናውም ነዳጁን ሞልቶ፣ ሰውና ጓዝ ይዞ ነው።

ከመግዛት በፊት

መጀመሪያ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ይክፈቱ። አንዳንድ አምራቾች ከተወሰነ ክብደት በላይ ክብደት አከፋፋይ የግድ ነው ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ጨርሶ ይከለክላሉ፤ በተለይ ሻንሲው ከአካሉ ጋር አንድ ወጥ በሆነ መኪና ላይ ክልከላው የተለመደ ነው። ክልከላውን ችላ ማለት የመኪናውን የኋላ ወለል ማጣመም ወይም መሰንጠቅ ሊያስከትል ይችላል። መኪናው ራሱን የሚያስተካክል የአየር ሱስፔንሽን ካለው፣ በልኬት ጊዜ ይጥፋ ወይስ ይብራ የሚለውንም ከዚያው መጽሐፍ ያገኙታል። ይህን ሳያውቁ መለካት ከንቱ ድካም ነው፤ እርስዎ ሰንሰለት ሲያጠብቁ መኪናው በራሱ ጊዜ ከፍታውን ይቀይራል።

ቀጥሎ መኪናው ሥር ያለውን የመጎተቻ መቀበያ ይዩ። ተለጣፊው ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ቁጥር አለ፤ አንዱ ያለ ክብደት አከፋፋይ፣ ሌላው ከክብደት አከፋፋይ ጋር የሚችለው ነው። ሁለተኛው ቁጥር ከሌለ መቀበያው ለዚህ ሥራ አልተሠራም ማለት ነው። ከመቀበያው፣ ከኳሱ፣ ከራሱ፣ ከሞላ ብረቶቹና ከተሳቢው ኮፕለር መካከል ዝቅተኛውን ቁጥር የያዘው ዕቃ የጠቅላላው ጣሪያ ይሆናል።

ኮፕለሩ፣ ማለትም ኳሱን የሚጎርሰው ክፍል፣ የሚፈልገው የኳስ መጠን በላዩ ተቀርጾ ይገኛል። 2 ኢንች 50.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ 2 ከ5/16 ኢንች ደግሞ 58.7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 50 ሚሊ ሜትር የሚሉ ኮፕለሮችም አሉ፤ ልዩነቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆንም ከ2 ኢንች ጋር አይለዋወጡም። ትንሽ ኳስ በትልቅ ኮፕለር ውስጥ ቆሞ ሲታይ የተቆለፈ ይመስላል፤ መንገድ ላይ የመጀመሪያው ጉድጓድ ሲያነጥረው ግን ሊወጣ ይችላል።

ተሳቢው በግፊት የሚሠራ ፍሬን ካለው፣ ማለትም መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ኮፕለሩ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ፍሬኑን የሚይዝ ከሆነ፣ የኮፕለሩ አምራች በጽሑፍ ካልፈቀደ በስተቀር ክብደት አከፋፋይ አይግጠሙለት። የሞላ ብረቶቹ ኮፕለሩን ጨምድደው ስለሚይዙ ፍሬኑ በሚፈለግበት ሰዓት ላይሠራ ይችላል። የኤሌክትሪክ ፍሬን ባለው ተሳቢ ላይ ይህ ችግር የለም።

በዝግ ተሳቢ ላይ ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው የአንገቱ ርዝመት ነው። የሞላ ብረት መስቀያዎቹ፣ ማለትም ሰንሰለቶቹን አንገቱ ላይ የሚይዙት ክፍሎች፣ በአብዛኛው ከኳሱ መሃል 70 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይታሰራሉ። ብዙ ዝግ ተሳቢዎች፣ በተለይ አፍንጫቸው ሹል ሆኖ ወደ ፊት የወጣው፣ ከሳጥኑ ውጭ የሚታየው አንገታቸው አጭር ነው። ዕቃውን ከመግዛትዎ በፊት ከኳሱ መሃል ጀምረው በአንገቱ ጎን በሜትር ይለኩ። መስቀያው የሚያርፍበት ቦታ፣ የመስቀያው ማንሻ ወደ ላይ የሚዞርበት ክፍተት፣ እንዲሁም የፊት ግድግዳውን ከጠጠር የሚከላከለው ላሜራ የሚያቆምበት መስመር አብረው ይለካሉ። የአንገቱ ቱቦላሬ ቁመትም ይያዝ፤ እያንዳንዱ መስቀያ የሚያቅፈው ከፍተኛ ቁመት አለው። አንገቱ ሦስት ማዕዘን ሳይሆን አንድ ቀጥ ያለ ቱቦላሬ ከሆነ የተለመደው መስቀያ አይገጥምም።

የሞላ ብረቱ አቅም የሚመረጠው በአንገት ክብደቱ (አንገቱ ኳሱ ላይ በሚያሳርፈው ክብደት) ላይ በመኪናው ውስጥ ከኋላ አክስል በስተኋላ የሚጫነው ዕቃ ተደምሮ ነው። አንገቱ 350 ኪሎ፣ ከኋላ አክስል በስተኋላ የተጫነው 60 ኪሎ ከሆነ ለ410 ኪሎ የሚሆን ይፈለጋል። «ጠንካራ ይሁን» ብሎ እጥፍ አቅም ያለውን መግዛት ይጎዳል፤ ብረቱ አይለጠጥም፣ እያንዳንዱ እብጠት በቀጥታ ወደ አንገቱ ብየዳና ወደ መኪናው ሻንሲ ይደርሳል። ደካማው ደግሞ ተጎብጦ ይቀራል። ጭነትዎ በጣም የሚለዋወጥ ከሆነ የሚመረጠው በብዛት የሚጭኑትን ጭነት የሚሸፍነው ነው፣ ከባዱ ጭነት ከአቅሙ እስካላለፈ ድረስ።

የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች

ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ የጎማ ማገጃ ሽብልቅ፣ ለኳሱ ዳዶ የሚሆን ትልቅ ቡሶላ (ሶኬት)፣ ቢያንስ እስከ 610 ኒውተን ሜትር የሚያነብ ቶርክ ቁልፍ፣ ጠመኔ ወይም የወረቀት ፕላስተር፣ ግሪስ፣ የሰውነት ሚዛን፣ 1 ሜትር ተኩል ገደማ የሚሆን ጠንካራ የእንጨት አጣና፣ የዓይን መከላከያ መነጽር። ያ መጠን ያለው ቶርክ ቁልፍ ከሌለ ኳሱን ጋራዥ ወስዶ ማስጠበቅ ይሻላል፤ በግምት የሚጠበቅ ኳስ አይታመንም።

1. መጫንና አንገቱን መመዘን

የሁሉንም ጎማዎች ነፋስ በሚፈለገው ልክ ይሙሉ። ከጭነቱ 60 በመቶ ገደማውን ከአክስሉ ፊት አድርገው፣ ከባዱን ወለሉ ላይ፣ ግራና ቀኙን አመጣጥነው ይጫኑና በገመድ ይሰሩ። የሚፈለገው የአንገት ክብደት ከተጫነው ተሳቢ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። 2,800 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ ከ280 እስከ 420 ኪሎ ማለት ነው።

የሰውነት ሚዛን ይህን ያህል ስለማይችል አጣናው ሸክሙን ይከፍልለታል። አጣናውን በአንድ ጫፍ በጡብ ላይ ባረፈ ቧንቧ፣ በሌላው ጫፍ ሚዛኑ ላይ ባረፈ ሌላ ቧንቧ ያስቀምጡ። በሁለቱ ቧንቧዎች መካከል ያለው ርቀት 120 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የአጣናውን ክብደት ለመቀነስ በዚህ ሰዓት ሚዛኑ የሚያሳየውን ይጻፉ። አሁን የተሳቢውን ክሪክ ከጡቡ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ከሚዛኑ 80 ሴንቲ ሜትር በሆነ ነጥብ ላይ ያሳርፉ። ተሳቢው ልክ ሲሆን፣ ማለትም ፊቱም ኋላውም እኩል ከፍታ ሲይዝ፣ የሚያነቡትን ቁጥር፣ የአጣናውን ቀንሰው፣ በ3 ያባዙ። ሚዛኑ 117 ካለ በክሪኩ ላይ ያረፈው 351 ኪሎ ነው።

ክሪኩ ከኳሱ ወደ ኋላ ስለሚቆም ቁጥሩ ትንሽ ያበዛል። ከኳሱ እስከ አክስሉ 4 ሜትር፣ ከኳሱ እስከ ክሪኩ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ንባቡን በ3.7 አባዝተው ለ4 ያካፍሉ፤ 351 ወደ 325 ይወርዳል።

ክብደቱ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ እዚህ ላይ ይቁሙና ጭነቱን ወደ ፊት ያምጡ። ጭራው የከበደበትን ተሳቢ የትኛውም መጎተቻ አያድነውም፤ ፍጥነት ሲጨምር እንደ ዓሣ ጅራት መወዛወዝ ይጀምራል።

2. መነሻ ልኬት

ደልዳላ ሜዳ ላይ መኪናውና ተሳቢው ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ የተሳቢው ጎማዎች በሽብልቅ ይያዙ። ተሳቢው ሳይታሰር ከመሬት እስከ ፊት ፓራፋንጎ ጠርዝ በጎማው መሃል በኩል ይለኩ። የኋላውንም እንዲሁ። የለኩበትን ነጥብ በፕላስተር ምልክት ያድርጉበት፤ ሁለት ጣት ያህል ጎን ብለው ቢለኩ ውጤቱ ሁሉ ይዛባል። ተሳቢውን በክሪክ ልክ ካደረጉ በኋላ የኮፕለሩን የውስጥ ጣሪያ ከፍታ ይጻፉ። ልክ መሆኑን የሚያረጋግጡት የሻንሲውን የፊትና የኋላ ጫፍ ከመሬት በመለካት እንጂ በግድግዳው አይደለም።

3. ኳሱንና ራሱን መግጠም

የኳሱ ግንድና የራሱ ቀዳዳ ዲያሜትር አንድ መሆን አለበት። የተለመደው የዳዶ መጠበቂያ ለ1 ኢንች ግንድ 340 ኒውተን ሜትር፣ ለ1 ከ1/4 ኢንች ግንድ 610 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ አምራቹ ሌላ ቁጥር ከጻፈ የእሱ ይያዝ። መቆለፊያ ሮንዴላው ከዳዶው በኩል ይሁን። ኳሱን ለመጠበቅ የተሻለው መንገድ ራሱን ከነዘንጉ (መቀበያው ውስጥ ከሚሰካው ብረት ጋር) መኪናው መቀበያ ውስጥ አስገብቶ ፔርኖውን ማስገባት ነው፤ ሞርሳ ላይ ይህን ያህል ጉልበት መስጠት ያስቸግራል።

ራሱ በዘንጉ ቀዳዳዎች ላይ ከፍና ዝቅ ይላል። የኳሱ አናት ከኮፕለሩ የውስጥ ጣሪያ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንዲጀምር የሚያደርገውን ቀዳዳ ይምረጡ፤ ሸክሙ ሲያርፍ መኪናው ስለሚወርድ ያ ልዩነት ይጠፋል። ሱስፔንሽኑ የላላ መኪና ትንሽ የበለጠ፣ ጠንካራ የጭነት መኪና ትንሽ ያነሰ ይፈልጋል።

ራሱ ወደ ኋላና ወደ ታች ዘንበል እንዲል ተደርጎ ነው የሚታሰረው። በብዙዎቹ ላይ ይህን የሚወስኑት በአንድ ትንሽ ፔርኖ ላይ የሚደረደሩ ሮንዴላዎች ናቸው። ሮንዴላ ሲጨመር ራሱ ይበልጥ ያዘነብላል፣ የሞላ ብረቶቹ ጫፍ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ስለዚህ በዚያው የሰንሰለት ቀለበት ላይ ቢሰቀሉ የበለጠ ኃይል ይሰጣሉ። አምራቹ ለመነሻ የጻፈውን የሮንዴላ ቁጥር ይጠቀሙ። የራሱን ብሎኖች አሁን ጠበቅ ብቻ ያድርጓቸው፤ በቶርክ የሚጠበቁት ማስተካከሉ ሲያልቅ ነው።

4. መስቀያዎቹን አንገቱ ላይ ማሰር

ተሳቢውን ከኳሱ ጋር ያቆላልፉና የክሪኩን እግር ከመሬት አንሥተው ሙሉ ሸክሙ መኪናው ላይ ይረፍ። የፊትና የኋላ ፓራፋንጎን እንደገና ለክተው ይጻፉ። ይህ ሁለተኛው ልኬት ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፣ ያለ እሱ ግን ግቡ አይታወቅም።

የሞላ ብረቶቹን በራሱ ውስጥ ያስገቡ። ክብ ጫፍ ያላቸው ከሥር ወደ ላይ ይገባሉ፣ ዝቅ ብለውም ይንጠለጠላሉ፤ ጆሮ ያላቸው ደግሞ ከጎን ስለሚገቡ ከመሬት የተሻለ ርቀት አላቸው። ለሸካራ መንገድ ሁለተኛው ይመረጣል። ብረቶቹን ከአንገቱ ጎን ጋር ትይዩ ያድርጉ፣ ሰንሰለቱን ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ይያዙ፤ ሰንሰለቱ አንገቱን የሚነካበት ቦታ የመስቀያው መሃል ነው። ከኳሱ መሃል እስከ ግራውና እስከ ቀኙ መስቀያ ያለው ርቀት እኩል መሆኑን በሜትር ያረጋግጡ፤ ልዩነቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው።

መሰናክል የሚገኘው እዚህ ነው። በአንገቱ ጎን የታሰረ ክሪክ የመስቀያውን ቦታ ይዞ ይገኛል፤ ክሪኩን ወደ መሃል ማዛወር ይቻላል፣ መስቀያውን ግን ከቦታው ማራቅ አይቻልም፤ የብረቱ ርዝመት አይፈቅድም። የባትሪ ሳጥንና የዕቃ ሳጥንም እንዲሁ ይነሣሉ። ከሳጥኑ ወደ ፊት የሚወጣው የመብራትና የፍሬን ሽቦ በብዙ ዝግ ተሳቢዎች ላይ በአንገቱ ጎን ተንጠልጥሎ ወይም በቱቦላሬው ውስጥ አልፎ ይሄዳል። መስቀያው ከጨፈለቀው መብራቱም ፍሬኑም ሊጠፋ ይችላል። ሽቦውን ወደ አንገቱ ውስጠኛ ጎን አምጥተው እንደገና ይሰሩት።

አብዛኞቹ መስቀያዎች አንገቱን ከላይ አቅፈው በጎን ብሎን የሚነክሱ ናቸው። የዕቃ ተሳቢዎች ቱቦላሬ ብዙ ጊዜ ግድግዳው ስስ ነው፤ ብሎኑ ከሚገባው በላይ ሲጠብቅ ብረቱን ወደ ውስጥ ይሰረጉደዋል፣ የተሰረጎደ ቱቦላሬ ደግሞ ከዚያ ነጥብ ይታጠፋል። በብሎኑና በቱቦላሬው መካከል 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ሳህን ማስገባት ኃይሉን ይበትነዋል።

ማቀፊያው በሳጥኑ ወለል ምክንያት ካልገባ፣ ከሥር ወይም ከጎን በብሎን የሚታሰሩ መስቀያዎች አሉ። ለእነሱ መብሳት ግድ ከሆነ የቱቦላሬውን የላይና የታች ገጽ በፍጹም አይንኩ፤ አንገቱ ሲጎብጥ ትልቁን ውጥረት የሚሸከሙት እነዚያ ናቸው። ቀዳዳው በጎን ገጹ መካከለኛ ቁመት ላይ ይሁን፣ በውስጡም ብሎኑ ሲጠብቅ ቱቦላሬው እንዳይጨፈለቅ የሚደግፍ ቧንቧ ይግባ። ትራፓኖውን ከማስነሣትዎ በፊት በውስጥ የሚያልፍ ሽቦ ካለ ይጎትቱና ያውጡ። መስቀያን በቀጥታ መበየድ ግን አይመከርም፤ የስስ ብረት ብየዳ ጠርዝ ላይ ስንጥቅ ይጀምራል፣ ቀለሙ ስለሚሸፍነውም ቶሎ አይታይም።

5. ማጠንከርና መለካት

ኮፕለሩ ተቆልፎ መቆለፊያ ፒኑ ከገባ በኋላ፣ በተሳቢው ክሪክ አንገቱንና የመኪናውን ኋላ አንድ ላይ ያንሡ፤ ሰንሰለቱን በእጅ ያለ ትግል መስቀል እስኪቻል ድረስ በቂ ነው። የመኪናው የኋላ ጎማዎች መሬት እስኪለቁ አያድርሱት፤ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው እነሱን ነው።

ብረቱን ከአንገቱ ጋር ትይዩ የሚያደርገውን ቀለበት ይምረጡና መስቀያው ላይ ያስገቡት፣ በማንሻው ወደ ላይ ይቆልፉ፣ ኮፒሊያውን ያስገቡ። በማንሻው መንገድ ላይ ፊትዎም ደረትዎም አይሁን፤ የተወጠረ ብረት ካመለጠ አጥንት ይሰብራል። በግራና በቀኝ የሚንጠለጠለው የቀለበት ቁጥር እኩል ይሁን። በብረቱና በመስቀያው መካከል የሚቀረው የተወጠረ ቀለበት በአብዛኞቹ አምራቾች ዘንድ ቢያንስ 5 ነው። መኪናው ሙሉ ሲታጠፍ ብረቶቹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚንሸራተቱ ሰንሰለቱ ያዘነብላል፤ አጭር ሰንሰለት ለዚህ ቦታ አይሰጥም፣ ወይ ይበጠሳል ወይ መስቀያውን ያጣምማል።

የክሪኩን እግር ከመሬት ሙሉ በሙሉ ያንሡ፣ መኪናውን ጥቂት ሜትር ወደ ፊት ነድተው ቀጥ አድርገው ያቁሙ፤ ጎማና ሱስፔንሽን የያዙት ውጥረት ይለቃል። ከዚያ ይለኩ።

ግቡ ምን ያህል ነው? አንዳንድ የመኪና አምራቾች የፊቱ መነሣት በግማሽ ይመለስ ይላሉ፣ ሌሎች ደግሞ ሙሉ በሙሉ። መመሪያው የሚለው ይከበር። ለምሳሌ ፊቱ ሳይታሰር 900፣ ታስሮ ያለ ሰንሰለት 928 ሚሊ ሜትር ከነበረ፣ በግማሽ ማለት 914 ነው። በየትኛውም መኪና ላይ ግን ፊቱ ሳይታሰር ከነበረው ከፍታ፣ በዚህ ምሳሌ ከ900፣ በታች መውረድ የለበትም፤ የፊቱ ከመጠን በላይ ሲከብድ የኋላ ጎማዎች ይቀልላሉ፣ እርጥብ መንገድ ላይ በመታጠፊያ ኋላው ይንሸራተታል። የመኪናው ኋላ ከመጀመሪያው ትንሽ ዝቅ ብሎ መቅረቱ ትክክል ነው፤ እሱን ወደ ቀድሞ ከፍታው ለመመለስ መታገል ስሕተት ነው።

ፊቱ አሁንም ከፍ ካለ ለብረቱ በሚቀርበው ቀጣይ ቀለበት ላይ ይስቀሉ። የብረቱ ጫፍ ከትይዩ አልፎ ወደ ላይ ከተቀሰረ ወይም ከ5 ቀለበት በታች ከቀረ፣ መልሰው ያላሉትና ሮንዴላ ይጨምሩ። ፊቱ በጣም ከወረደ ተቃራኒውን ያድርጉ። ፊቱ ልክ ሆኖ ተሳቢው አፍንጫውን ወደ ላይ ከቀሰረ፣ ራሱን በዘንጉ ላይ አንድ ቀዳዳ ዝቅ አድርገው ከሁለተኛው ልኬት ይጀምሩ። ተሳቢው ልክ ወይም ከፊት ትንሽ ዝቅ ያለ ይሁን፤ አፍንጫው ወደ ላይ ሲሆን ክብደቱ ወደ ጭራው ይሸሻል፣ ሁለት አክስል ያለው ተሳቢ ደግሞ የኋለኛውን አክስል ብቻውን ያስጨንቃል። ይህ መመላለስ አሰልቺ ቢሆንም መጎተቻው ሥራውን የሚሠራው በዚህ ነው።

ሲያልቅ የራሱን ብሎኖች አምራቹ በጻፈው ቶርክ ያጥብቁ።

6. በመኪና ሚዛን ማረጋገጥ

የፓራፋንጎ ልኬት ጥሩ ምልክት ነው፤ ማስረጃው ግን እያንዳንዱን አክስል ለብቻ የሚመዝን ሚዛን ነው። ሦስት ጊዜ ይመዘናል፦ መኪናው ብቻውን፣ ታስሮ ያለ ሰንሰለት፣ ታስሮ ከነሰንሰለቱ። ከኋላ አክስል እስከ ኳሱ 1.2 ሜትር፣ ከፊት እስከ ኋላ አክስል 3.4 ሜትር የሆነ መኪና፣ 2,800 ኪሎ ከሚመዝንና በኳሱ ላይ 350 ኪሎ ከሚያሳርፍ ተሳቢ ጋር ይህን ይመስላል።

መኪናው ብቻውን፦ ፊት 1,400፣ ኋላ 1,150።
ታስሮ ያለ ሰንሰለት፦ ፊት 1,276፣ ኋላ 1,624፣ የተሳቢው አክስል 2,450።
ከነሰንሰለቱ፦ ፊት 1,338፣ ኋላ 1,521፣ የተሳቢው አክስል 2,491።

ፊቱ ካጣው 124 ኪሎ 62ቱ፣ ማለትም ግማሹ ተመልሷል። የኋላ አክስሉ ከ100 ኪሎ በላይ ቀልሎታል፣ 41 ኪሎ ደግሞ ተሳቢው ላይ ሄዷል። ታስሮ በተመዘነባቸው በሁለቱም መስመሮች ድምሩ 5,350 ነው። በእርስዎ ወረቀት ላይ ሁለቱ ድምሮች ካልተገጣጠሙ፣ ከአንዱ ጎማ ግማሹ ከሚዛኑ ውጭ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ከዚያ እያንዳንዱን የአክስል ቁጥር በመኪናውና በተሳቢው ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው ጣሪያ ጋር ያስተያዩ።

ለእያንዳንዱ የጭነት ዓይነት የአንገት ክብደቱን፣ የቀለበቱን ቁጥርና የፊት ፓራፋንጎ ከፍታውን ጽፈው በተሳቢው በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጥፉ። ጭነቱ ሲቀየር ብዙ ጊዜ የሚቀየረው ቀለበቱ ብቻ ነው። ባዶ ተሳቢ ሲጎተት ሰንሰለቱ ይላላል፣ አንዳንዴም ብረቶቹ ጨርሶ አያስፈልጉም።

መወዛወዝን በተመለከተ

የዝግ ተሳቢ ግድግዳ ለጎን ነፋስ ሰፊ ነው፤ ትልቅ የጭነት መኪና ሲያልፈው መጀመሪያ ይገፋል፣ ከዚያ ይሳባል። ባለ ሰንሰለት ተራ ክብደት አከፋፋይ ይህን ለብቻው አያቆምም። በፍትጊያ የሚይዝ ተጨማሪ ዘንግ ይገጠማል፤ የእሱ ትንሽ ኳስ በአንገቱ ላይ ከዋናው ኳስ 61 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ይሆናል። ይህ ዘንግ ወደ ኋላ ከመንዳት በፊት ይወልቃል፣ አለበለዚያ ይጎብጣል። በሚያንሸራትት መንገድ ላይ ደግሞ ይላላል። የሚፋተገው ገጹ ግሪስም ዘይትም አይነካውም። በሰንሰለት ፋንታ ብረቶቹ በቀጥታ መደገፊያ ላይ የሚያርፉባቸውና ፍትጊያው አብሮ የተሠራባቸው ዓይነቶችም አሉ፤ በእነሱ ላይ በቀለበት ምትክ የመደገፊያው ከፍታ ነው የሚስተካከለው።

ብልሽትና ምክንያቱ

ሲነሡና ሲያቆሙ «ቋ» የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ዘንጉ በመቀበያው ውስጥ ላልቷል ወይም የኮፕለሩ መንጋጋ ኳሱን አልጨበጠም። የኮፕለሩን ማስተካከያ ዳዶ ከሥር ያጥብቁ፤ ማንሻው ሳይከብድ መዘጋት አለበት።

በመታጠፊያ ላይ ሲጮህ ብዙውን ጊዜ የብረቶቹ መግቢያ ደርቋል። ኳሱንና መግቢያዎቹን ስስ ግሪስ ይቀቡ።

መስቀያው ወደ ፊት ከተንሸራተተ ቀለሙ ላይ የሚያብረቀርቅ ጭረት ይተዋል። ምክንያቱ የላላ ብሎን ወይም ሰንሰለቱ ከመጀመሪያው ቀጥ ብሎ አለመሰቀሉ ነው። ብሎኑን ከማጥበቅ በፊት ቦታውን እንደገና ይለኩ።

መኪናው በእብጠት ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ደጋግሞ የሚዋልል ከሆነ የሞላ ብረቱ ለጭነቱ ደክሟል ወይም የኋላ አስደንጋጭ መጣጮቹ፣ ማለትም ሾክ አብዞርበሮቹ፣ አልቀዋል። ተቃራኒው፣ እያንዳንዱ ጉድጓድ ወንበር ድረስ የሚሰማ ከሆነ፣ ብረቱ ከልክ በላይ ጠንካራ ነው። የተፈታ ብረት መሬት ላይ ሲቀመጥ ቀጥ ካላለ አቅሙን አጥቷል፤ ጥንድ ሆኖ ይቀየራል።

በየጉዞው

የደኅንነት ሰንሰለቶቹ ከኮፕለሩ ሥር ተጠላልፈው መቀበያው ላይ ባሉት ቀለበቶች ይሰሩ እንጂ በተሰካው ዘንግ ወይም በራሱ ላይ አይሰሩ። ተሳቢው ካመለጠ ፍሬኑን የሚያስይዘው ቀጭን ገመድም እንዲሁ በመኪናው ላይ፣ ከሰንሰለቶቹ ተለይቶ ይታሰር፤ ዘንጉ ከነራሱ ተነቅሎ ቢወጣ ገመዱ አብሮ ከሄደ ፍሬኑ አይያዝም።

በአዲስ ገጠማ ላይ ከመጀመሪያው 80 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ቆመው የኳሱን ዳዶ፣ የራሱን ብሎኖችና መስቀያዎቹን እንደገና በቶርክ ይፈትሹ። ጥልቅ ቦይ ወይም ቁልቁል መግቢያ ለመሻገር ሲፈልጉ፣ መኪናውና ተሳቢው በመሃል ስለሚታጠፉ ብረቶቹ ከመጠን በላይ ይወጠራሉ፤ ሰንሰለቱን ፈትተው ቀስ ብለው ይለፉና እንደገና ይስቀሉ።

ሲፈቱ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ ጎማዎቹን በሽብልቅ ይያዙ፣ በክሪኩ መኪናውንና አንገቱን አብረው ያንሡ፣ ውጥረቱ ሲረግብ መስቀያዎቹን ይክፈቱ፣ ብረቶቹን ያውጡ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ኮፕለሩን ይፍቱ። የተወጠረ ሰንሰለት አንገቱ በክሪክ ሳይነሣ አይከፈትም።